የማይታየው አገረ ገዢና የሚሮጡት ሰዎች

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ መምህር ደግፌ። «ምንጭ ነበረችው።»

ይመናሹ ፊቷን አዞረች። የመጣችው ተረት ልትሰማ ሳይሆን ልትወቅሳቸው ነበር። ልጇ ውዳሴ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምታጠናው ስለ ኮከብ ነው። ኮከብ መሆኑስ ባልከፋ፤ ትናንት ምሳ ላይ «ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቃት፣ ልጅቷ «በሰማዩ እምብርት ላይ የማይታይ ነገር አለ፤ ጥቁር ጉድጓድ ይባላል። እኔ በዙሪያው የሚሮጡትን ኮከቦች እከታተላለሁ» አለቻት። «የማይታይ ከሆነ መኖሩን በምን አወቃችሁ?» ስትላትም፣ ልጅቷ ወረቀት አምጥታ እንቁላል የሚመስል ነገር እየሣለች ታስረዳት ጀመር። ለይመናሹ አንዱም አልገባትም። በዚያ ላይ እዚሁ ከተማቸው ለውዳሴ የማስተማር ሥራ ተገኝቶላታል፤ እስከ ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ። የእናት ልብ ወደዚያ አዘንብሏል። የልጅ ልብ ወደ ሰማዩ ነው።

ስለዚህ ይመናሹ በማግስቱ ልጇን ፊዚክስ ወዳስተማሯት ወደ ጡረተኛው መምህር ቤት መጣችና፣ «መምህር፣ ይህን ነገር የጀመሩት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይመልሱልኝ። ሰው የማያየውን ነገር መኖሩን በምን ያውቃል? ልጄ ዕድሜዋን በባዶ ነገር ላይ እንዳትጨርስብኝ» አለቻቸው።

መምህሩ በረንዳቸው ላይ በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር። መቀመጫ አቀረቡላት፤ ከበቆሎውም አንዱን አቀበሏትና ምሳሌያቸውን ቀጠሉ።

ምንጯ የምትወጣው ከገበሬው ቤት በላይ ካለ ገደል ሥር ነው። ውፍረቷ ክንድ ቢያህል ነው፤ ግን በጋም ሆነ ክረምት አትነጥፍም። ገበሬው በእሷ ነጭ ሽንኩርትና ጎመን ያለማል። የመንደሩም ሴቶች የሚቀዱት ከእሷ ነው። አባቱም አያቱም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ «የማን ናት?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከገደሉ በላይ ደግሞ አንድ ባለጸጋ ነበረ። አንድ ዓመት በጥቅምት ወር ሰዎቹን አስከትሎ መጣና ከምንጯ አፍ ላይ አዲስ ቦይ አስቆፈረ፤ ውሃውንም ወደ ራሱ ማሳ ወሰደው። «ገደሉ የኔ ነው፤ ከገደሉ የሚወጣውም የኔ ነው» አለ። በሳምንቱ የገበሬው ነጭ ሽንኩርት ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ሴቶቹም እንስራቸውን አዝለው ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ቁልቁለት ወደ ወንዝ ይወርዱ ጀመር።

ገበሬው ወደ አጥቢያው ዳኛ ሄዶ አመለከተ። ዳኛው ባለጸጋውን ይፈራል። ጢሙን ዳበስ ዳበስ አደረገና፣ «ይህ ከኔ በላይ ነው። አገረ ገዢው ይዩት» አለው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። አገረ ገዢው አይታይም። ቀድሞ ዓርብ ዓርብ አደባባይ ተቀምጦ የድሃ አቤቱታ የሚሰማ ሰው ነበረ ይባላል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ከውስጠኛው ቤት ሲወጣ ያየው የለም። አንዱ «ዓይናቸውን ታመው ብርሃን ተከለከሉ» ይላል። ሌላው «መንኩሰዋል» ይላል። ብዙው ሰው ግን ግራ ቀኙን ያይና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሞተዋል፤ ሹማምንቱ በስውር ቀብረዋቸው በስማቸው ይገዛሉ» ይላል።

ባለጸጋውም ገበሬውን መንገድ ላይ አገኘው። በበቅሎው ላይ እንደተቀመጠ አነጋገረው።

«ወዴት ልትሄድ ነው አሉ? ለማን ልትጮህ ነው? ቤቱ ባዶ ነው፤ በጓሮው ጭስ እንኳ አይወጣም። ይልቅ እንስማማ። በሳምንት አንድ ቀን ውሃውን እለቅልሃለሁ። አንተ ደግሞ በሽማግሌዎች ፊት ምንጯ የኔ መሆኗን ትምልልኛለህ።»

በዚያ አገር መሐላ እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። ገበሬው አንዴ ከማለ፣ ነገ ገዢው ወጥቶ አደባባይ ቢቀመጥ እንኳ አፉን ከፍቶ መክሰስ አይችልም። ልጆቹም አይችሉም። ባይምል ደግሞ፣ ገዢው የእውነት ሞቶ ከሆነ፣ በሳምንት አንድ ቀን የምትመጣውንም ውሃ ያጣታል። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ሰው አለ ወይስ የለም?

ሚስቱን አማከራት። ሚስቱ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት።

«ሂድና እይ» አለችው።

«ሰውየው እኮ አይታዩም።»

«እንግዲያው የሚታየውን እይ።»

ገበሬው ይህ አነጋገር ብዙም አልገባውም፤ ቢሆንም በሶውን ቋጥሮ ሄደ።

ሁለት ቀን ተጉዞ ከገዢው ግቢ ደረሰ። ግቢው በአንድ ጉብታ ላይ ነው። ሦስት አጥር አለው፤ አንዱ አጥር በሌላው ውስጥ ነው። በመካከሉ፣ ከጉብታው አናት ላይ፣ አንዲት ክብ ቤት አለች። ትንሽ ናት፤ አንድ አልጋና አንድ ወንበር ብትይዝ ነው። በሯ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተጋርዶባታል።

በመጀመሪያው አጥር በር ላይ አንድ በረኛ ተቀምጦ ሸንኮራ ይመጥጣል።

«አገረ ገዢው አሉ?» ሲል ጠየቀው ገበሬው።

«አይታዩም።»

«እኔ የጠየቅኩህ መኖራቸውን ነው።»

«አይታዩም አልኩህ እኮ» አለ በረኛው፤ ወደ ሸንኮራውም ተመለሰ።

«የኔዋም እንዲሁ ነው የምትለኝ» አለች ይመናሹ በመሃል።

«በረኛው እንደ ልጅሽ አልተማረም» አሉ መምህሩ። «ስሚኝ።»

ገበሬው ከግቢው ማዶ ወዳለ ተረተር ወጣ። ከዚያ ሆኖ ሲያይ በአጥሮቹ ላይ አሻግሮ ውስጡ ሁሉ ይታየዋል። እላይ አንዲት አሮጊት ከጥድ ሥር ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ አገኘ። አንድ ልጃቸውን ለጭፍራነት ወስደውባቸው «ጧሪ የለኝም፤ ይመለስልኝ» ሊሉ የመጡ ናቸው። ገበሬው እጅ ነስቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ከዚህ ሆነው ምን ያያሉ?»

«በሩን ነዋ። መጋረጃው ተገልጦ ፊታቸውን ባይ ብዬ ሦስት ወር ሙሉ በሩን አየሁ።»

«ተገለጠ?»

«ነፋስ እንኳ አልገለጠው።»

ገበሬውም ከእሳቸው ጋር በሩን ማየት ጀመረ። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ አየ። ሁለተኛውንም ቀን አየ። መጋረጃው መጋረጃ ነው፤ ቤቷም ቤት ናት። ሞቶም ከሆነ፣ ተኝቶም ከሆነ፣ ቁጭ ብሎ ዳዊት እየደገመም ከሆነ፣ ከውጭ ሲታይ ልዩነት የለውም። በሦስተኛው ቀን ፀሐይዋ በረታችና ዓይኑ ማንባት ጀመረ። ዓይኑን ለማሳረፍ ብሎ ከበሩ ላይ ነቀለው፤ በግቢው ውስጥ ወደሚመላለሱት ሰዎችም አወረደው። ያን ጊዜ የሚስቱ ቃል ትዝ አለው።

በመጀመሪያው አጥር ውስጥ ያሉት ሰዎች ሥራ የፈቱ ይመስላሉ። ገበጣ የሚጫወት አለ፤ ጥላ ፈልጎ የተጋደመ አለ፤ ቆሞ ወሬ የሚያወራ አለ። በሁለተኛው አጥር ውስጥ ግን የሚተኛ የለም። ሁሉም ደህና አድርጎ ይራመዳል። ወደ ሦስተኛው አጥር የገባ ሁሉ ደግሞ ይሮጣል። በእርምጃ የሚያልፍ አንድ ሰው አጣ።

ገበሬው ይህን ካየ በኋላ አንድ ሰው መርጦ በዓይኑ ተከተለው። ሰውየው ነጭ ጥምጣም የጠመጠመ ስለሆነ ከሰው መካከል አይጠፋም። በምሥራቁ በር ሲገባ ሽምብራ ቆሎ እየቆረጠመ፣ ለዚያም ለዚህም ሰላምታ እየሰጠ፣ እየተንጎራደደ ነው። ሁለተኛው አጥር ላይ ሲደርስ ቆሎውን ኪሱ ከተተና እርምጃውን አፈጠነ። ሦስተኛው አጥር ላይ ጫማውን አወለቀ፤ ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አደገደገ፤ ከዚያ እንደ ሚዳቋ በረረ። ትንሿን ቤት በጀርባዋ በኩል እንደ ዓይን ጥቅሻ ዞራት። በሌላው ወገን ሲወጣም ከወንጭፍ እንደተለቀቀ ድንጋይ እየተምዘገዘገ ነበር። እየራቀ ሲሄድ ሩጫው ወደ እርምጃ ተመለሰ፤ በምዕራቡ በር ሊወጣ ሲል እንደገና ቆሎውን አውጥቶ ይቆረጥም ጀመር።

ገበሬው ሳቀ።

«ምን አየህ?» አሉት አሮጊቷ።

«ቆይ፣ ነገም ይመጣ እንደሆነ ልየው» አላቸው።

በማግስቱም መጣ። ሲርቅ ዘገየ፤ ሲቀርብ ፈጠነ፤ ዞሮ ሲወጣም ዘገየ። ገበሬው ሌሎቹንም አንድ በአንድ ተከተላቸው። ውሃ የምታመላልሰውን ሴት አየ። ፈረስ የሚያጠምደውንም አየ። በመጀመሪያው አጥር በሁለት ደጋፊ ካልሆነ አልራመድም የሚል አንድ ወፍራም ሹም ነበረ፤ እሱም ሦስተኛው አጥር ላይ ሲደርስ ደጋፊዎቹን ትቶ፣ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ሲሮጥ ታየ። አሮጊቷ ይህን ሲያዩ እንዝርታቸውን ጥለው ሳቁ። በሦስት ወር ውስጥ የሳቁት ያን ቀን ብቻ ነበር።

«እናቴ» አላቸው ገበሬው፣ «እኔ የባለጸጋውን ቤት አውቃለሁ። አሽከሮቹ ደጁ ላይ እየተጎተቱ ነው የሚያልፉ። የአጥቢያውን ዳኛ ቤትም አውቃለሁ፤ እዚያ ሰው ፈጠን ይላል እንጂ አይሮጥም። እዚህ ግን ትልልቁ ሰው ሁሉ ይሮጣል። እንግዲህ በዚች ቤት ውስጥ ያለው ከባለጸጋውም ከዳኛውም እጅግ የሚበልጥ ነው።»

«ብዙ ሹማምንት ታጭቀውባት ቢሆንስ?»

«ቤቲቱን ይዩዋት። ከአንድ ሰው በላይ አትይዝም።»

አሮጊቷ ፈትላቸውን አነሱ። «ሕዝቡን ለማታለል ሩጡ ተብለው ታዘው ቢሆንስ? ሞታቸው እንዳይታወቅ?» አሉ።

ገበሬው ይህን ሁለት ቀን አሰላሰለው። የሚሮጡት ሁሉ የግቢው ሰዎች ናቸው፤ የግቢው ሰው የታዘዘውን ያደርጋል። በሶው አልቋል። ነጭ ሽንኩርቱም እንደ በሶው ማለቁን ያውቃል። በሰባተኛው ቀን ጠዋት ልቡ ወደ መማሉ አዘነበለ።

ያን ዕለት ባለጸጋው መጣ። መሐላውን የሚሰሙ ሁለት ሽማግሌዎችም አስከትሏል።

«ሰባት ቀን ሆነህ» አለው። «አየሃቸው?»

«አላየኋቸውም።»

«እኔ ምን አልኩህ? በል እንግዲህ ማል፤ ወደየቤታችን እንግባ።»

ገበሬው ተነሥቶ ልብሱን አራገፈ። ወደ ሽማግሌዎቹ አየ፤ ወደ ጉብታውም አየ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን ነገር ተናገረ።

«እምላለሁ። ግን አንድ ነገር ልለምንዎ። የምምለው እዚያ እላይ፣ ከትንሿ ቤት ደጅ ላይ ይሁን።»

«ለምን?»

«ባዶ ቤት ነው ብለውኛል። እዚያ ሄጄ ባዶነቱን በጆሮዬም ባረጋግጥ ልቤ ያርፋል። ለእርስዎ ደግሞ ምን ይከብድዎታል? ባዶ ቤት ከሆነ እዚያ መማል በዛፍ ጥላ ሥር እንደ መማል ነው።»

ሽማግሌዎቹ «ይህ ክፋት የለውም» አሉ። ባለጸጋው አልፈልግም ቢል ፈራ ሊባል ነው። ከበረኞቹ አንዱ ደግሞ የሚስቱ ወንድም ስለነበረ መግባቱ አያስቸግረውም። «እንሂድ» አለ።

በመጀመሪያው አጥር ሲገቡ ባለጸጋው ከፊት ነበረ። ነጠላውን በሁለት ትከሻው አጣፍቶ፣ በትሩን እያወናጨፈ፣ ስለ በቅሎው ስግሪያ ጮክ ብሎ ያወራል። ሽማግሌዎቹ ከኋላው፣ ገበሬው ከሁሉም ኋላ ነበሩ። ገበሬው ወደ ቤቲቱ አላየም፤ ዓይኑ ያለው ባለጸጋው ላይ ነው። ይህ ሰው የግቢው ሰው አይደለም። ሩጥ ብሎ ያዘዘው የለም። «ማንም የለም» ብሎ አገር ሙሉ የሚያወራውም እሱ ራሱ ነው። አሁን አንድ ነገር ቢያደርግ የሚያደርገው ከልቡ ነው።

ሁለተኛውን አጥር አለፉ። ባለጸጋው የበቅሎዋን ወሬ አልጨረሰውም፤ ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ መሃል ላይ ተወው። በትሩን ከመወናጨፍ አሳርፎ ብብቱ ሥር ሸጎጣት።

ሦስተኛው አጥር ላይ ደረሱ። ባለጸጋው ጎንበስ አለ። ቀኝ እግሩን ከጫማው አወጣ፤ ግራውንም አወጣ። ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አሰረ። ጀርባውን አጎንብሶ፣ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ ወደ ቤቲቱ ይሄድ ጀመር። ይህን ሁሉ ሲያደርግ እያደረገ መሆኑን አላወቀም።

ገበሬው በዚያው ቆመ።

«ጌታዬ» አለው፣ «ጫማዎ የት አለ?»

ባለጸጋው ዞረ። የገዛ እግሩን አየ። ባዶውን ነው። ወገቡን ዳሰሰ፤ ነጠላው እዚያ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ። ሌላው ግን እንደዚያም ማድረግ አልቻለም፤ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ለባዶ ቤት ጫማ የሚያወልቅ የለም» አለ ገበሬው። «አፍዎ የሉም አለኝ። እግርዎ ግን አሉ አለኝ። እኔ ያመንኩት እግርዎን ነው።»

ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞሮ፣ ለሰባት ቀን ያፈነውን ድምፅ ለቀቀው።

«አቤት! የደሃ አምላክ ያሳይዎ፣ አቤት! የአባቴን ምንጭ ወስደውብኛል፤ የመንደሩ ሴት ሁሉ በውሃ ጥም ወንዝ ለወንዝ ይንከራተታል። ይፍረዱልኝ!»

ግቢው ጸጥ አለ። ገበጣ የሚጫወቱት እንኳ እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። መጋረጃው አልተንቀሳቀሰም። ያ ጸጥታ ቢረዝም ኖሮ ገበሬው ተስፋ በቆረጠ ነበር።

ድንገት ያ ባለ ነጭ ጥምጣም ሰው ከቤቲቱ ጀርባ እየሮጠ ወጣ። ከገበሬው ፊት ሲደርስ ቆመና ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ቃልህ ተሰምቷል» አለው። «ነገ ጠዋት አጣሪ ዳኛ ከአንተ ጋር ይወርዳል። ነገሩ እስኪጣራ ውሃው በቀድሞው ቦይ ይፍሰስ ተብሏል።»

ይህን ብሎ ሊሄድ ሲል ባለጸጋውን አየና፣ «እርስዎም ለጉዳይ ነው የመጡት?» ሲል ጠየቀው። ባለጸጋው «ኧረ እኔ... አብሬው ነው» አለ።

አጣሪው ዳኛ ወረደ። አሮጌውን ቦይ አስጠርጎ ሲያይ የአያት የቅድመ አያት ድንጋይ ተደርድሮ አገኘ። ያ ሳቁን ያልቻለው ሽማግሌም ያየውን መሰከረ። ምንጯ ለገበሬውና ለመንደሩ ተፈረደች። ግማሹ ነጭ ሽንኩርት ደርቆ ነበር፤ ግማሹ ተረፈ። አሮጊቷም ገበሬው ሲጮህ ተረተሩ ላይ ሆነው ሰምተውት ኖሮ፣ በማግስቱ በር ማየታቸውን ትተው ሄደው አቤት አሉ። ልጃቸው በወሩ ተመለሰላቸው። ባለጸጋው አንድ ዓመት ያህል አፈረ። በኋላ ግን እሱ ራሱ በሰርግ ቤት እየተነሣ፣ እግሩ እንዴት እንዳጋለጠው እያሳየ፣ ሰውን በሳቅ ይገድል ነበር ይባላል።

«አገረ ገዢውስ?» አለች ይመናሹ። «ወጡ?»

«አልወጡም» አሉ መምህሩ። «ገበሬው ዕድሜውን ጨርሶ እስኪሞት ፊታቸውን አላየም። ለምን እንደማይወጡ ለኔም የነገረኝ የለም። መኖራቸውን ግን በግቢው ካለ በረኛ ሁሉ ይልቅ እሱ ያውቅ ነበር።»

መምህሩ የተፈለፈለውን በቆሎ ወደ ጎን ገፋ አደረጉትና ወደ ይመናሹ ዞሩ።

«እንግዲህ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ክረምት አልፎ ሰማዩ ሲጠራ እንደ ፈሰሰ ወተት ነጣ ብሎ የሚታይ መንገድ አለ አይደል? ፍኖተ ሐሊብ የሚባለው። ብዙ ኮከብ አንድ ላይ ተሰብስቦ ነው። ያ መንገድ እምብርት አለው። ሰዎች ትልልቅ መነጽር ሠርተው እምብርቱን አዩት፤ እንደ አሮጊቷ በሩን አዩ ማለት ነው። ምንም የለም። ጨለማ ነው። እዚያ ያለው ነገር ብርሃንን እንኳ ከገባ አያስወጣም፤ መጋረጃው አይገለጥም። ከዚያ ግን ዓይናቸውን በአጠገቡ ወዳሉት ኮከቦች መለሱ። ኮከቦቹ ሲርቁ ይዘገያሉ፤ ሲቀርቡ ይሮጣሉ። አንዷን መርጠው፣ እንደ ባለ ነጭ ጥምጣሙ፣ ዓመት በዓመት ተከተሏት። አንድ ዙር ለመጨረስ አሥራ ስድስት ዓመት ይፈጅባታል። ከጨለማው ቦታ አጠገብ ስትደርስ ግን፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ አገራችንን ከዳር እስከ ዳር የምታቋርጥ ያህል ትፈጥናለች። ከዚያ ዞራ ትወጣና ቀስ ትላለች።»

«ኮከብ?» አለች ይመናሹ። «ፀሐይን የምታህለው?»

«ከፀሐይም ትበልጣለች። ይህችን የምታህል ነገር እንደዚያ የሚያስሮጥ ጌታ ምን ያህል ቢከብድ ነው ብለው አሰሉት። አራት ሚሊዮን ፀሐይ አንድ ላይ ቢመዘን የሚከብደውን ያህል ሆኖ ተገኘ። ብዙ ፀሐዮች ታጭቀውበት ነው እንዳይባል ቦታው ጠባብ ነው፤ ደግሞም ባበሩ ነበር። አንድ ነገር ነው፤ ጨለማ ነው፤ አለ። ማንም ውስጡን አላየም። የሚሮጡትን ግን አይተናል። ኮከብ ደግሞ ለማታለል አይሮጥም፤ ሩጥ ብሎ የሚያዘው ሹም የለውም።»

ይመናሹ እጇ ላይ ያለውን በቆሎ ፈልፍላ ጨርሳው ነበር። ሌላ አነሣች።

«ታዲያ ልጄ ያቺ ኮከብ እስክትዞር አሥራ ስድስት ዓመት ተቀምጣ ልትጠብቅ ነው?»

«እሷንስ የቀደሙት ጠብቀውላታል፤ ሙሉ ዙሯን አይተው ጽፈዋል። ውዳሴ የምትከተላቸው ሌሎች ናቸው፤ ደብዘዝ ያሉ፣ ከዚያችም ይልቅ የሚጠጉ።» መምህሩ ፈገግ አሉ። «ይመናሹ፣ ሰኞ የሚመለሰውን መልስ እሷው ትመልስ። አንቺ ግን ዛሬ ቤት ስትገቢ ‹ምን አየሽ?› ብለሽ አትጠይቂያት። ገበሬውም ‹አየሃቸው?› ሲባል ‹አላየኋቸውም› ነው ያለው። ‹ማን ሲሮጥ አየሽ?› ብለሽ ጠይቂያት። ያን ጊዜ ወረቀቷን ታመጣለች፤ ያ እንቁላል የመሰለሽ ነገር የሩጫው መንገድ ነው።»